የሳሮን አልጋ ልብስ

ካሣነሽ ሰኞ ረፋድ ላይ ከአጎቷ ደጅ ስትደርስ ሁለት ማዳበሪያ ጎመን፣ አንድ ማዳበሪያ ድንች፣ በዘንቢል ካሮትና ቀይ ሥር፣ በትከሻዋም አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት ይዛ ነበር። ጭነቱ ከንፋስ መውጫ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ መጥቶ፣ ከቤተ ልሔም መታጠፊያ ወዲህ ያለውን ደግሞ በአህያ ተጉዟል። ሁሉም ከእናቷ ጓሮ የወጣ ነው። እናቷ ፈትለወርቅ ከሞተች ዓመት ከመንፈቅ አልፏታል፤ ጓሮው ግን እንዳለ አለ። ካሣነሽ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ በጀሪካን ታጠጣዋለች። ለመታሰቢያ ብላ አይደለም፤ ጠውላጋ ጎመን ከገበያ መግዛት ስለማትወድ ነው።

«መጣሽልኝ መድኃኒቴ!» ብርነሽ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከማጀት ወጣች። «እስቲ ጎመኑን አሳዪኝ። ውይ! ይሄ ጎመን ነው ወይስ ዛፍ?»

ብርነሽ የአጎቷ የአድማሱ ሚስት ናት። እሑድ የመጀመሪያ ልጇን ሳሮንን ትድራለች። በዘመድ ቤት ድግስ ሲኖር ካሣነሽ ሳትጠራ አትቀርም፤ ወጥ ስትሠራ ጨው አትስትም፣ መርፌ ስትይዝ ክር አይጠላለፍባትም። የሴሚስተር እረፍት ላይ ስለነበረች «ሳምንት ብቻ» ተባለች። ሳሮንን ስለምትወዳት እሺ አለች።

ጎመኑን አጥበው ሳይጨርሱ ሳሮን እጇን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተቻት።

«እማ የሰፋችልኝን ላሳይሽ። ጠርዙ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱን አንቺ ትጨርሺልኛለሽ።»

አልጋው ላይ ከብዙ ቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ ወፍራም አልጋ ልብስ ተዘርግቶ ነበር፤ ሆዱ ጥጥ፣ ጀርባው አቡጀዲ።

«ይሄማ ድሪቶ ነው» አለች ካሣነሽ እየሳቀች።

«ድሪቶ ትላለች ደግሞ! ቲክቶክ ላይ ፈረንጆቹ ሲሠሩት አይተሽ ድሪቶ በያቸው እስቲ።»

ካሣነሽ ስፌቱን ልታይ ጎንበስ አለች። አንዱ ቁራጭ ላልቶ ነበር። በጣቷ ሳብ ስታደርገው ወደ ጥጡ በዞረው ገጽ ላይ አረንጓዴ ጥለት ብቅ አለ፤ መስቀሉ ትንሽ ወደ ግራ ያዘመመ ጥለት። ሸማኔው ተሳስቶ ነበር ያዘመመው። እናቷ ግን «ይሁን፣ ሌላ ሰው የሌለው ይሆናል» ብላ በየዓመቱ ለጥምቀት የለበሰችው ቀሚስ ነው። ካሣነሽ ከጎኑ ያለውን ቁራጭ ዳሰሰችው። ወይን ጠጅ ሹራብ። ይህንንም ከስፌቱ ሳብ አድርጋ ወደ ውስጥ አየች፤ የክርኑ ቀዳዳ በአረንጓዴ ክር ተሰፍቷል። የሰፋችው ራሷ ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል እያለች፣ ወይን ጠጅ ክር አጥታ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለች ሳሮን።

«ስፌቱን እያየሁ ነው።»

ብርነሽ ወንፊት ልትወስድ ስትገባ ሁለቱን አልጋው ላይ አጎንብሰው አየችና በሩ ላይ ቀረች።

«ልባሽ ጨርቅ ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ከገበያ። መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት ልጆች ነው የለቀምኩት።»

«ያምራል» አለች ካሣነሽ። «እጅዎ ይባረክ፣ እትዬ ብርነሽ።»

ፈትለወርቅ ልትሞት ስትል የንስሐ አባቷን ቄስ ይታያልን አስጠርታ፣ ቤተ ዘመድ ባለበት፣ «ልብሴን ቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሚቀመጡት ምስኪን ሴቶች ስጡልኝ» ብላ ነበር። ሌላ የምትናዘዘው ብዙም አልነበራት። በአርባዋ ብርነሽ «እኔ ለደጁ ቅርብ ነኝ፣ አደርሳለሁ» አለችና ጥቅሉን ተሸክማ ሄደች። በሙት ዓመቱ ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ ቆማ «አድርሻለሁ፤ ሴቶቹ ጉልበቴን ስመው መረቁኝ» አለች። ሰው ሁሉ «እሰይ፣ ዘመድ እንዲህ ነው!» አላት። ያን ቀን ካሣነሽ ተነሥታ የብርነሽን እጅ ሳመች። አሁን ከስርቆቱ ይልቅ ያንገበገባት እሱ ነበር። ያንን እጅ ስማዋለች።

ማክሰኞ የሽንኩርት ቀን ሆነ። ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ክብ ሠርተው ተቀመጡና ቢላ ተከፋፈሉ። ለማሰብ የሚመች ሥራ ነው፤ ዓይንሽ ቢቀላ የሚጠይቅሽ የለም።

ካሣነሽ መጀመሪያ ያሰበችው ተነሥታ መጮህ ነበር። ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች። ብርነሽ «ላደርስ ነበርኮ» ብላ ታለቅሳለች። አጎቷ መሐል ይገባል። ሦስት ሽማግሌ አግዳሚ ላይ ይቀመጡና «የሠርግ ቤት ነው፣ ቂም አይገባበትም» ይላሉ። ምሳ ሳይደርስ ጉንጭ ለጉንጭ ያሳስሟቸዋል፣ ነገሩም እዚያው ይቀበራል። ይቅር ለማለት ማንም ጊዜ አይሰጣትም፤ ያስብሏታል እንጂ።

ሁለተኛው ሐሳብ ወጡ ነበር። እሑድ ጠዋት አንድ ጭብጥ ጨው ብትጨምርበትስ? ወዲያው ተወችው። የሚበላው ሰው ምን አደረጋት? ደግሞም ወጡ የሷ ነው፤ የሚነሣው የብርነሽ ስም ሳይሆን የካሣነሽ ነው።

ሦስተኛውን ያመጡላት እማማ ገበያነሽ ናቸው። እማማ ገበያነሽ የአገሩ አልቃሽ ናቸው፤ ያለሳቸው የሚቀበር የለም። ከጉንጉኑ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ፈልቅቀው አሸተቱና «ይሄ የፈትለወርቅ ጓሮ ነው» አሉ።

«እንዴት አወቁት?» አለች ካሣነሽ።

«ይኸው ያቃጥላላ! የሰው ጓሮ እንዲህ አያቃጥልም። አዬ ፈትለወርቅ። ሹራቧን ይዤ ምን እንዳልኩላት ታስታውሻለሽ?» ቢላቸውን አስቀምጠው፣ ለሠርግ ቤት እንዳይሆን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አሉት፤

ጎመኑ ለምልሞ ሲጠብቅሽ ጓሮ፣
ሹራብሽ ብቻውን ምነው መጣ ዘንድሮ።

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። «እሷን ያላለቀሰ ማን ነበር?» አለች አንዷ። «ያ ጥለተ ዘማማ ቀሚሷ ሲነሣማ...»

«እኔ ምኑን ሰማሁት» አለች ብርነሽ፣ ከምጣዱ ሳትዞር። «ያን ዕለት ሙሉ ቀን ንፍሮ ስቀቅል፣ ጠላ ስቀዳ ዋልኩ። ከማጀት ወጥቼ ማየት ስንኳ አልቻልኩም።»

የካሣነሽ ቢላ ቆመ።

በዚያ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ልብስ ተጣጥፎ አይቀመጥም። አልቃሿ አንድ በአንድ ታነሣዋለች፣ ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች፣ ለእያንዳንዱ ግጥም ትሰጠዋለች፤ ለቀስተኛውም ልብሱን እያየ ያለቅሳል። የፈትለወርቅን ሹራብና ቀሚስ፣ ቢጫ ጠርዝ ያለውን ኩታዋንም፣ ከሦስት ቀበሌ የመጣች ሴት ሁሉ በዓይኗ አይታለች። ብርነሽ ቀዳድዳ ስትሰፋው የፈራችው ካሣነሽን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ጥለቱን ወደ ውስጥ ያዞረችው። ሌላው ሰው እንደሚያውቀው ያኔ አላወቀችም፤ ማጀት ነበረቻ። አሁን ብትሰማም ጥለቱ ተደብቋልና አልከበዳትም።

ካሣነሽ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ያን ቀን ከሁሉም ፈጥና ጨረሰች።

ረቡዕ ጾም ስለሆነ ለሠራተኞቹ የጓሮ ጎመን በነጭ ሽንኩርት አብስላ፣ ድንች አልጫ ጨምራ አቀረበች። ብርነሽ ሁለተኛ ጉርሻዋን ስትጠቀልል አጠገቧ ተቀመጠች።

«እትዬ ብርነሽ፣ ያ አልጋ ልብስ ፊቱ ፈዟል። ጠርዙን ስጨርስ ትንሽ ቦታ ቦታ ልቀይርለት?»

ብርነሽ ማኘኳን አቆመች። «ምኑ ይቀየራል? ደህና ነው።»

«ደህናማ ነው። ብቻ የሙሽራው እናት የባንክ ሠራተኛ ናቸው አሉ። ሰው ፊት ሲዘረጋ የድሃ ቤት እንዳይመስልብን ብዬ ነው።»

ያቺ «ብን» ሥራዋን ሠራች። ብርነሽ የልጇን አማት የምትፈራውን ያህል እግዚአብሔርን አትፈራም ነበር። ዓይኗን ካሣነሽ ፊት ላይ ትንሽ አቆየችና ምንም ስታጣበት «እንግዲያስ እንዳታበላሺው» አለች።

«አላበላሸውም። እስከ እሑድ ግን እንዳያዩብኝ፤ ላስደስትዎ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ጓዳ ገብታ በምላጭ ስፌቱን ፈታችው። ሥራው እንደፈራችው አልከበደም፤ ብርነሽ የቸኮለች ሰፊ ናት፣ ክሯ ሲስቡት ይከተላል። ካሣነሽ የሹራቡን ቁርጥራጮች ከየቦታው ለቀመች። ደረቱ አራት ቦታ ተቆርጧል፣ እጅጌዎቹ ሁለት ሁለት። ፊታቸውን ወደ ላይ መልሳ፣ መሬት ላይ ዘርግታ እንደነበሩ ገጣጠመቻቸው። ከሥሩ የቀሚሱን ቁራጭ አስከተለች፤ ዘማማው ጥለት ከወገብ እስከ ጫፍ ድሮ በሚወርድበት መሥመር ወረደ። ከላይ፣ ራስ በሚሆንበት በኩል፣ የኩታውን ቢጫ ጠርዝ በግማሽ ክብ አዞረችው። ከዚያ ተነሥታ ከበሩ ዘንድ አየችው።

አልጋው ላይ የተጋደመች ሴት ትመስላለች። ካሣነሽ መርፌ አነሣች።

ሐሙስ ሳሮን ከፀጉር ቤት መልስ መጥታ ክር ልታስገባላት ተቀመጠች። ካሣነሽ ፊቱን ወደ ታች ገልብጣ ጠርዙን ብቻ ነበር የምታሳያት።

«አክስቴ ብትኖር ስንት ነገር ታስተምረኝ ነበር» አለች ሳሮን። «እማ ጎመን ስትሠራ ውኃ ብቻ ነው። የአክስቴን አልረሳውም። ልጅ እያለሁ ከናንተ ቤት ስመለስ እማን "ለምን እንደ አክስቴ አይጣፍጥም?" ብዬ በጥፊ ቀምሻለሁ።»

ካሣነሽ ሳቀች። ሳቋ እውነተኛ ነበር፤ ለዚያም ነው የደነገጠችው። አሁን ብትነግራት ሳሮን ምን እንደምታደርግ ጠንቅቃ ታውቃለች። መርፌውን ጨርቁ ውስጥ እስከ ጥጡ አሳልፋ ሳበችውና «ሌላ ክር አስገቢልኝ» አለች።

ዓርብና ቅዳሜ እንደ አንድ ቀን አለፉ። ድንኳን ተተከለ፣ ሠንጋው ተጣለ፣ ዶሮ ተገነጠለ። ካሣነሽ ቁሌቱ ላይ ቆማ ዋለች። ብርነሽ አንድ ጊዜ አልጋ ልብሱን ልታይ ጓዳ ገብታ ነበር፤ በአንሶላ ተጠቅልሎ ዙሪያውን በክር ተሰፍቶ አገኘችው። «ምን ያለች ጉደኛ ልጅ ናት!» ብላ እየሳቀች ወጣች። ከውጭ «ብርነሽ! በርበሬው!» የሚል ድምፅ ይጠራት ነበር።

እሑድ የሙሽራው ወገን ከንፋስ መውጫ በሁለት ሚኒባስ መጣ። ተበላ። የካሣነሽ ዶሮ ተመሰገነ፤ የሙሽራው እናት ሳይቀሩ ጣታቸውን ላሱ። ጭፈራው ጋብ ሲል አንድ ሽማግሌ «የልጃችን ዕቃ ይታይ!» አሉ። ሙሽሪት ይዛ የምትሄደው ሁሉ ድንኳኑ መሐል አንድ በአንድ እየተነሣ ይታያል። ድስቱ ታየ፣ ብርጭቆው ታየ፣ ፍራሹ ታየ፤ ለእያንዳንዱ እልልታ ወጣለት።

ብርነሽ አንሶላውን ራሷ ተሸክማ ወጣች። «ይሄ ደግሞ በገዛ እጄ የሰፋሁት ነው!» አለችና ክሩን በጥርሷ በጥሳ ለሁለት ልጃገረዶች ሰጠች። ልጃገረዶቹ አራቱን ጫፍ ይዘው ከፍ አደረጉት።

እልልታው ተጀምሮ መሐል ላይ ቀረ።

እማማ ገበያነሽ ከፊት ረድፍ ነበሩ። ቀስ ብለው ተነሡና እጅጌውን ያዙት፤ አረንጓዴው ክር ላይ በአውራ ጣታቸው ሄዱበት። «ፈትለወርቅ» አሉ። ለማንም የተናገሩት አልነበረም። ከዚያ አርባ ዓመት የለመደው ጉሮሯቸው እሳቸውን ሳይጠይቅ ግጥሙን አወጣው። ጎመኑ ለምልሞ ሲሉ ከኋላ አንዷ ደረቷን መታች። ሁለተኛው መሥመር ላይ የሴቶቹ ወገን ግማሽ ቆሞ ነበር። በአንድ አፍታ ድንኳኑ የሠርግ መሆኑ ቀርቶ የለቅሶ ሆነ።

«ምን ያለ ሟርት ነው ይሄ?» የሙሽራው እናት ልጃቸውን ክንዱን ይዘው ወደ ኋላ ሳቡት። «በሠርግ ቀን?»

ካሣነሽ ከማጀቱ በር ላይ ቆማ ብርነሽን ብቻ ታይ ነበር። የብርነሽ ፊት አመድ መሰለ። አንድ ጊዜ ወደ አልጋ ልብሱ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሕዝቡ አየች። ካሣነሽ ሳምንቱን ሙሉ የጠበቀችው ይህንን ነበር፤ ጣፈጣት።

የጣፈጣት ግን ለአፍታ ነው። ብርነሽ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋችና አልጋ ልብሱ ላይ ተወረወረች።

«ወይኔ እህቴን! ወይኔ ፈትለወርቄን! ልጄን ልብስሽን አልብሼ ልሰዳት ብዬ! አንቺ ሳትኖሪባት እንዳትዳር ብዬ!»

ከሁሉም በላይ ጮኻ አለቀሰች። ሴቶቹ አነሷት፣ ደገፏት። «አይዞሽ! አይ ሴትዮዋ፣ ምን ያለ አንጀት አላት!» አለች አንዷ። «ለባሏ እህት እንዲህ የምታደርግ ማን አለ?» አለች ሌላዋ። የሙሽራው እናት ስንኳ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ብርነሽ በእንባዋ መሐል ወደ ማጀቱ በር አየች። ካሣነሽን አየቻት። የሰፋው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ ገባት፤ ከንፈሯም ጥግ ላይ ትንሽ ነገር ተንቀሳቀሰ።

ካሣነሽ ጭልፋውን አስቀመጠች። እግሯ ከሐሳቧ ቀድሞ ድንኳኑ መሐል ደረሰ።

«እትዬ ብርነሽ፣ እንደዚህ መሆኑን አላወቅኩም ነበር» አለች። ድምፅዋ ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር ያሉት እንዲሰሟት የምትናገርበት ድምፅ ነበር። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። በሙት ዓመቱ ልብሱን ለቤተ ልሔም ሴቶች አድርሻለሁ ብለው ነበር። ጉልበቴን ሳሙኝ ብለው ነበር። ሰጥተው ነው መልሰው የነጠቋቸው ወይስ መጀመሪያውኑ አልሰጧቸውም?»



«ልጅቱ በኀዘን ነው...» አለች ብርነሽ።

«ሰኞ ደግሞ ልባሽ ጨርቅ ነው፣ ከገበያ ነው ብለውኛል። ሳሮን ነበረች።»

ሰው ሁሉ ወደ ሙሽሪት ዞረ። ሳሮን ጥላው ሥር እንደተቀመጠች እናቷን አየች፤ ከዚያ ራሷን አንድ ጊዜ ነቀነቀች። «ብላለች» አለች።

ቄስ ይታያል ከካህናቱ ወንበር ተነሡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ሲነሡ ጊዜ ይወስዳል። «ለነዳያን የተባለ ነው» አሉ። «ስትናዘዝ እኔ ነበርኩ። ደጁ ላይ ያሉትን ሴቶች በየቀኑ መስቀል አሳልማቸዋለሁ፤ አንዷም ይህን ለብሳ አላየኋትም። ከዛሬ ነገ ታደርሰዋለች ብዬ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የኔም ነው።»

አድማሱ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ሳበ። ብርነሽን ደግፈዋት የነበሩት ሴቶች አንድ በአንድ እጃቸውን አነሡ። ማንም አልሰደባትም፤ እንዲያው ቦታ ለቀቁላት። በዙሪያዋ ባዶ መሬት ሲሰፋ ካሣነሽ ቆማ አየች። ማክሰኞ ሽንኩርት ስትከትፍ ያሰበችውን ያህል ነበር። እንዲያውም በለጠ።

«ለድሃ የተባለ ልብስ እኛ ቤት አይገባም» አሉ የሙሽራው ሽማግሌ። «ልጅቷን ግን እንወስዳለን፤ እሷ ምን አደረገች?»

ሳሮን ተነሣች። ቬሏን በአንድ እጅ ሰብስባ አልጋ ልብሱን ከልጃገረዶቹ ተቀበለች፣ አራት አጠፈችው፣ ለቄስ ይታያል አስታቀፈቻቸው። ከዚያ ወደ ካሣነሽ መጣች። ቅርብ ሆና፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርጋ ተናገረች።

«ሐሙስ አብረን ስንሰፋ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ብትነግሪኝ ያኔውኑ ተሸክሜ አደርሰው ነበር። ማንም ሳይሰማ።»

«ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ» አለች ካሣነሽ።

ሳሮን ትንሽ አየቻት። ከዚያ ቬሏን ለቀቀችና ወደ መኪናው ሄደች። ሚኒባሶቹ ክላክስ ሳያሰሙ ወጡ። እንግዳው ልብሱን እያራገፈ፣ ወሬውን በየአቅጣጫው እየያዘ ተበተነ።

ካሣነሽ ባዶ ወንበሮቹ መሐል ቆማ ጸጸት እስኪመጣባት ጠበቀች። ይመጣል ብላ አስባ ነበር። የመጣባት ረሀብ ነው፤ ከማለዳ ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም።

ማጀት ስትገባ ብርነሽ ጥግ ላይ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም። የድግስ ቀሚሷ ጫፍ ሊጥ ነክቶታል። ካሣነሽ ሰሐን አነሣች፣ እንጀራ አጠፈች፣ ከትልቁ ድስት ሥር ወፍራሙን ወጥ ጨለፈች፣ ለራሷ አንድ እንቁላል መረጠች። ፊት ለፊቷ ባለው ዱካ ላይ ተቀመጠችና መብላት ጀመረች።

ብርነሽ «ልጄ እኔንም ሳትስመኝ ሄደች» አለች።

«አየሁ» አለች ካሣነሽ፣ እንቁላሉን ለሁለት እየከፈለች።